የጨረቃ ሩብ፣ የሰንበት ሰባት

በ1966 እ.ኤ.አ. ስሪላንካ እሑድን ከዕረፍት ቀንነት ሻረችው። የዱድሊ ሴናናያኬ መንግሥት የሳምንቱ ዕረፍት ቅኝ ገዥ ጥሎት በሄደው እሑድ መሆኑ ቀርቶ፣ ቡድሂስቱ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሚያከብረው በፖያ ይሁን አለ። ፖያ ጨረቃን እየተከተለ የሚመጣ ቀን ነው፤ ጨረቃ ስትሞላ አንድ፣ ስትጠፋ አንድ፣ በመካከሉ ግማሽ ስትሆን ሁለት፣ በድምሩ በወር አራት። ሲያዩት ሳምንት ይመስላል፤ ሳምንት ግን አይደለም። አንዱ ፖያ ከሚቀጥለው አንዴ በ7 ቀን፣ አንዴ በ8 ቀን ይርቃል። የዕረፍቱ ቀን በዚህኛው ዙር ማክሰኞ ከዋለ በሚቀጥለው ረቡዕ ሊሆን ነው። ባንኩና ወደቡ ከቀረው ዓለም ጋር ተላለፉ። የደሴቲቱ ክርስቲያንም እሑድን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ማየት ግድ ሆነበት። በ1971 እ.ኤ.አ. ቅዳሜና እሑድ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን ብቻ እስከ ዛሬ በዓል ሆና ቀርታለች።

ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ዓለም በብራናና በወረቀት ሲከራከርበት የኖረውን ነገር ስሪላንካ ከአምስት ዓመት በላይ ኖራ ስላየችው ነው። ክርክሩ ይህ ነው፦ ሰንበት የጨረቃ ልጅ ናት ወይስ ጨረቃን ሳታይ የምትሄድ የራሷ ቁጥር አላት? በጨረቃ ወር በሚቆጥር ሕዝብ ዘንድ ሰባተኛው ቀን ከመባቻ ይጀመራል ወይስ ከትናንት ሰንበት?

ነገሩን የሚያከርረው ትንሽ ሒሳብ ነው። ጨረቃ ከመባቻ እስከ መባቻ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል። ይህን ለአራት ብናካፍለው 7 ቀን ከ9 ሰዓት ይደርሰናል። ጨረቃ በሰባት ሰባት ቀን መልኳን ትለውጣለች የሚለው አባባል ለዓይን እውነት ነው፤ ለጣት ቁጥር ግን ውሸት ነው። አራት ሰባት 28 ስለሆነ በየወሩ አንድ ቀን ተኩል ይተርፋል። ሁሉም ጠብ የተነሣው በዚህች ትርፍ ነው። ሳምንቱን እየለጠጡ ከጨረቃ ሩብ ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ስሪላንካ ያደረገችው ይህንን ነው። ትርፉን ቀን ከሳምንት ውጭ አስቀምጦ በየመባቻው እንደ አዲስ መቁጠርም ይቻላል። ወይም ደግሞ ሳምንቱን ለራሱ ለቅቆ ጨረቃን በመንገዷ ማሰናበት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ ለሰባት ቀን የሰጠነው ስም ከስምንት የመጣ ነው፤ የግእዙ ሰሙንም የአማርኛው ሳምንትም ሥራቸው ስምንት ነው። ዛሬን ጨምሮ የሚቆጥር ሰው ከእሑድ እስከ እሑድ ስምንት ያገኛልና የዛሬ ስምንት እንላለን። የአብዛኞቹ ቀኖች ስሞችም ቢሆኑ ቁጥሮች ናቸው፦ አሐዱ፣ ሰኑይ፣ ሠሉስ እያሉ ይወርዳሉ። ከፀሐይም ከጨረቃም ከከዋክብትም የተወሰደ ስም የለባቸውም። የግእዝ ሳምንት ሰማይን ቀና ብሎ ሳያይ ጣቱን ይቆጥራል።

ሰንበትን ከጨረቃ ጋር ያዛመዱት ሊቃውንት ግን ያለ ምክንያት አልተነሡም። ብሉይ ኪዳንን የሚያነብ ሰው መባቻና ሰንበት እንደ መንታ አብረው ሲጠሩ ያያል። የሱነማዪቱ ሴት ወደ ኤልሳዕ ለመሄድ ስትነሣ ባሏ ዛሬ መባቻም ሰንበትም ሳይሆን ምን ያስኬድሻል ይላታል። በአሞጽ ዘመን የነበሩ እህል ነጋዴዎች መባቻው አልፎ እህላቸውን እስኪሸጡ፣ ሰንበቱም አልፎ ጎተራቸውን እስኪከፍቱ ይቸኩላሉ። ኢሳይያስና ሆሴዕም ሁለቱን አጎራብተው ያነሣሉ። አንዱ የወሩ መጀመሪያ ከሆነ ሌላው የወሩ እኩሌታ ቢሆንስ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄውን ያቀጣጠለው የባቢሎን ሸክላ ነው። በባቢሎናውያኑ የፍጥረት ድርሰት በኤኑማ ኤሊሽ፣ አምላካቸው ማርዱክ ጨረቃን በሰማይ ሲያቆም የወሩን ቀኖች ያስተምራታል፦ በሰባተኛው ቀን ዘውድሽ ግማሽ ይሁን፣ በአሥራ አምስተኛው ሙሉ ይሁን የሚል መንፈስ ያለው ትእዛዝ ነው። ያ አሥራ አምስተኛ ቀን ሻፓቱ ይባላል። ቃሉ ከዕብራይስጡ ሻባት ጋር መመሳሰሉን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም። የባቢሎን ጽሑፍ ሊቅ የነበረው ቲዮፊለስ ፒንችስ ሻፓቱ የወሩ 15ኛ ቀን መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ በ1904 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላው ሊቅ ፍሪድሪሽ ዴሊች በርሊን ላይ በጀርመኑ ንጉሥ በዳግማዊ ዊልሄልም ፊት ቆሞ ሰንበትን የወረስነው ከባቢሎን ነው ብሎ ነበርና አገሩ በክርክር ታምሶ ቆይቷል። በ1905 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዮሐነስ ማይንሆልድ የሚባል ጀርመናዊ የብሉይ ኪዳን መምህር አሳቡን እስከ ጫፍ ወሰደው፦ የጥንቱ የእስራኤል ሰንበት የሙሉ ጨረቃ በዓል ነበረ፤ በየሰባቱ ቀን የምትመጣው ሰንበት ከምርኮ በኋላ የተሠራች ናት አለ።

ከነነዌው ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ሌላም ማስረጃ ወጥቷል። በየወሩ 7ኛው፣ 14ኛው፣ 19ኛው፣ 21ኛውና 28ኛው ቀን ክፉ ቀን ነው የሚል የቀን መቁጠሪያ ተገኘ። በነዚህ ቀኖች ንጉሡ በፍም የበሰለ ሥጋ አይበላም፣ ልብሱን አይለውጥም፣ ሠረገላ ላይ አይወጣም፤ ባለ መድኃኒትም በሽተኛ አይነካም። 19ኛው ምን ሊያደርግ ገባ የሚል ካለ፣ ካለፈው ወር መባቻ ሲቆጠር 30 ሲደመር 19፣ ሰባት ጊዜ ሰባት፣ 49 ይሆናል። ሰባትን የሚያከብር ሕዝብ እንደነበረ ያስታውቃል።

ነገር ግን ሸክላው ከሚለው በላይ እንዳናስብለት ያሻል። ሻፓቱ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ናት። ክፉ የተባሉት ቀኖች ሻፓቱ ተብለው አልተጠሩም። ክልከላውም የንጉሥና የጠንቋይ እንጂ የገበሬና የአገልጋይ አይደለም፤ ነጋዴው በነዚያው ቀኖች ውሉን ይጽፍ ነበር። ባቢሎናዊው ሥራ የሚተወው እድሉ እንዳይከፋ ፈርቶ ነው። በኦሪት ዘጸአት ግን በእርሻና በመከር ጊዜ እንኳ ስድስት ቀን ሥራ፣ በሰባተኛው ዕረፍ የተባለው ሰው ከባሪያውና ከአህያው ጋር ያርፋል። ፍርሃትና ዕረፍት አንድ ሥር ሊኖራቸው ይችል ይሆናል፤ አንድ ነገር ግን አይደሉም። እኔ ብጠየቅ ለማይንሆልድ የምሰጠው ስሙን ነው፤ ሻባት የሚለው ስም በጣም በጥንት ጊዜ ከሙሉ ጨረቃ ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ግን አልሰጠውም።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ይህ የሊቃውንት መላምት ከመጽሐፍ ወጥቶ ሰው የሚኖርበት ሥርዓት ሆነ። በተለይ በአሜሪካ ከሰንበት ጠባቂ ክርስቲያኖች መካከል አንዳንዶች የቅዳሜን ሰንበት ትተው የጨረቃ ሰንበት ጠባቂ ሆኑ። ሥርዓታቸው ይህን ይመስላል፦ መባቻ የሥራም የሰንበትም ቀን አይደለም፣ ለብቻው የቆመ ነው። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ይሠራል፣ 8ኛው ሰንበት ነው። ከዚያ 15፣ 22፣ 29። ወሩ 30 ቀን ካለው ሠላሳኛው ቀን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ በወሩ መሸጋገሪያ ከሰንበት እስከ ሰንበት 7 ሳይሆን 8 ወይም 9 ቀን ይሆናል። 354 ቀን ባለው የጨረቃ ዓመት ደግሞ በተራው ቁጥር 50 ወይም 51 ሰንበት ሊኖር ሲገባ 48 ብቻ ይገኛል።

ማስረጃቸውን መናቅ አይገባም፤ መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ብርሃናት የተፈጠሩት ለምልክትና ለዘመናት ነው ይላሉ፤ በመዝሙርም ጨረቃ የጊዜያት ምልክት ናት፤ በኦሪት ዘሌዋውያን 23ኛ ምዕራፍ ሰንበት ከበዓላቱ ጋር በአንድ ዝርዝር ተጽፋለች፤ እንግዲያው እሷም በጨረቃ ትታወቃለች። የእስክንድርያው ፊሎንም ጨረቃ በየሰባት ቀን መልኳን እንደምትለውጥ ጽፏልና ይጠሩታል። በይበልጥ የሚመኩት ግን በመና ታሪክ ነው፤ እስራኤል ሲን ወደተባለ ምድረ በዳ የደረሱት በሁለተኛው ወር በ15ኛው ቀን ነው፣ መናው ስድስት ቀን ወረደ፣ ሰባተኛው ሰንበት ሆነ፤ 22 ሰንበት ከሆነ 15ም ሰንበት ነው፣ 8ም ሰንበት ነው።

የክርክሩ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንየው። በመጀመሪያ በዘፍጥረት አተራረክ ጨረቃ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው። ቀንን ከአንድ እስከ ሰባት መቁጠር ጨረቃ ከመኖሯ ሦስት ቀን ቀድሞ ተጀምሯል። የመጀመሪያይቱ ሰንበት ጨረቃን ልጠብቅ ብትል ኖሮ ከየት ታመጣት ነበር? ወደ መናው ስንመጣ ደግሞ ያ 15ኛ ቀን ሰንበት እንደነበረ የአይሁድ መምህራንም ይስማማሉ፤ ታልሙድ በሰንበት ክፍሉ ይህንኑ ይላል። ነገር ግን ያው ወግ ከግብፅ የወጡበትን የመጀመሪያውን ወር የኒሳንን 15 ሐሙስ ያደርገዋል። ኒሳን 30 ቀን ስላለው ከሐሙስ 30 ቀን ብንቆጥር ቅዳሜ ላይ እንወድቃለን። አንዱ 15 ሐሙስ፣ የሚቀጥለው 15 ቅዳሜ ማለት ነው። የጨረቃ ሰንበት ጠባቂው የያዘው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ የቆመበት ሰውም በቀን ሁለት ጊዜ ትክክለኛ ሰዓት ያያል።

ሁለተኛው ፈተና የሃምሳው ቀን ነው፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ዘሌዋውያን ነዶው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሰባት ሰንበታት ቁጠሩ፣ ከሰባተኛይቱ ሰንበት ማግስት ሃምሳ ቀን ይሆናል ይላል። እስቲ በጨረቃ ሰንበት እንቁጠረው። ነዶው ኒሳን 16 ይቅረብ። ሰንበታቱ የኒሳን 22 እና 29፤ ከዚያ የሁለተኛው ወር የኢያር 8፣ 15፣ 22፣ 29፤ ሰባተኛዋ የሦስተኛው ወር የሲዋን 8 ናት። ማግስቱ ሲዋን 9 ነው። ቀኖቹን ስንደምር ከኒሳን 15፣ ከኢያር 29፣ ከሲዋን 9 ይመጣል፤ 53። ወሮቹን 29 እና 30 እያልን ብናቀያይራቸውም ያው 53 ነው። ሰባት ሰንበትና ሃምሳ ቀን አንድ ላይ እንዲገጥሙ ሳምንት መቋረጥ የለበትም። ከጠባቂዎቹ አንዳንዶቹ ይህን ለማምለጥ መጀመሪያ ሰባቱን ሰንበት፣ ቀጥሎ ሌላ ሃምሳ ቀን ቁጠሩ እስከ ማለት ደርሰዋል። የመከሩ በዓል ያኔ ወደ ክረምቱ ሊገባ ምንም አይቀረው። እህሉስ ይጠብቃቸዋል?

ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ የምወደውም እሱን ነው። ከጌታ ልደት ጥቂት አስርት ዓመታት ቀደም ብሎ ኒሳን 14፣ በጉ የሚታረድበት ቀን፣ ሰንበት ላይ ዋለ። በኢየሩሳሌም የነበሩት የቤተ በቴራ ሽማግሌዎች መሥዋዕቱ ሰንበትን ይሽራል ወይስ ሰንበት መሥዋዕቱን ያስቀራል የሚለውን ዘንግተውት ተቸገሩ። ከባቢሎን የመጣ ሂሌል የሚባል ሰው ያውቃል ተባለና አስጠሩት። ይሽራል ብሎ አስረዳ፤ በዚያው ቀን አለቃ አድርገው ሾሙት። ታልሙድ ግን ሂሌልን በሹመቱ እንዲኩራራ አልተወውም፤ ቢላዋውን ከዋዜማው ያላመጣ ሰው በሰንበት እንዴት ይዞ ይምጣ ቢሉት እሱም ሕጉን ረሳው። ለሕዝቡ ተዉለት፣ ነቢያት ባይሆኑ የነቢያት ልጆች ናቸው አለ። በማግስቱ ሲያዩ በግ ያለው ቢላዋውን ከጸጉሩ ውስጥ፣ ፍየል ያለው ከቀንዶቹ መካከል ሰክቶ እየነዳ መጣ።

በጨረቃ ሰንበት ሥርዓት ኒሳን 14 መቼም ሰንበት ሊሆን አይችልም፤ ሰንበት 15 ነውና። ይህ ሁሉ ጭንቀት፣ ይህ ሁሉ ቢላዋ፣ የተፈጠረው ሳምንትና ወር ተለያይተው ስለሚሄዱ ነው። የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍ በሆነው በሚሽናም የአዲስ ዓመት ክፍል አዲሷን ጨረቃ ያዩ ምስክሮች ቃላቸውን ለመስጠት ሰንበትን ሽረው እንዲጓዙ ተፈቅዶላቸዋል። አንድ ጊዜ ከ40 ጥንድ በላይ ምስክር ሲያልፍ ረቢ አቂባ ሉድ ላይ አስቀራቸው የሚል ታሪክም አለ። ሰንበት ከመባቻ በ8ኛው ቀን ብቻ የምትመጣ ከሆነች ጨረቃ የታየችበት ሌሊት ከሰንበት ጋር የሚጋጭበት ምክንያት ከየት ይመጣል? ከውጭ ሆነው የሚያዩትም ይመሰክራሉ። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ ኢየሩሳሌም በ63 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሮማዊው የጦር አዛዥ በፖምፔዩስ እጅ ስትወድቅ ቀኑ የሳተርን ቀን፣ ማለትም የአይሁድ ሰንበት፣ እንደነበረ ጽፏል። የሮማ የሰባቱ ከዋክብት ሳምንት ለጨረቃ ብሎ ቆሞ አያውቅም፤ ሰንበት ጨረቃን ብትከተል ኖሮ ከሳተርን ቀን ጋር በአንድ ወር ውስጥ ትለያይ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። አይሁድ ስለ ቀን መቁጠሪያ ያልተጣሉበት ነገር የለም። ሃምሳው ቀን የሚጀመርበትን ብቻ እንኳ እንይ። ፈሪሳውያን ከኒሳን 16 ቆጠሩ። ሰዱቃውያንና ከእነሱ በኋላ የመጡት ካራያውያን በፋሲካው ሳምንት ካለችው ቅዳሜ ማግስት ቆጠሩ። በሙት ባሕር ዳር የኖሩት የቁምራን ሰዎች የፋሲካው ሳምንት ካለፈ በኋላ ካለው እሑድ ቆጠሩ። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል በዓሉ ሰባቱንም ቀን ከፈጸመ በኋላ ከ22ኛው ቀን ጀምረው በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን በዓላቸውን አከበሩ። አራት ወገን፣ አራት ቀን። ረባን ገማልኤል ደግሞ ረቢ ኢያሱን አንተ ማስተስረያ ነው በምትለው ቀን በትርህንና ገንዘብህን ይዘህ ወደ እኔ ና ብሎ እስከ ማስገደድ ደርሷል፤ በአዲስ ጨረቃ ምስክርነት ስለተለያዩ ነው። እንዲህ በአንድ ቀን የሚናቆሩ ሰዎች ሰንበት መቼ ናት በሚለው አልተጣሉም። ሳምራዊውም ካራያዊውም የቤተ እስራኤል ቄስም በአንድ ቅዳሜ ያርፋሉ። ሰንበት አንድ ጊዜ ከጨረቃ ወደ ተከታታይ ሰባት ተዛውራ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ እስከ እኛ በተሰማ ነበር።

እስልምናም ምስክር ሊሆን ይችላል። የሒጅራ አቆጣጠር ከሁሉ የጠራ የጨረቃ አቆጣጠር ነው፤ ረመዳን በጨረቃ ይያዛል፣ በጨረቃ ይፈታል። ጁምዓ ግን ጨረቃ ብትወለድም ብትሞላም በየሰባት ቀኗ ትመጣለች። የጨረቃ ወር ያለው ሁሉ የጨረቃ ሳምንት ሊኖረው የግድ አይደለም።

ጨረቃን ፊት ለፊት የተቃወመ መጽሐፍ የሚገኘው ግን በእኛው ቤት ነው። ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌ በስድስተኛው ምዕራፉ ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል፤ ጨረቃን እየተመለከቱ የሚቆጥሩ ሰዎች እንደሚመጡ፣ እሷ በየዓመቱ አሥር ቀን ስለምትቀድም በዓላቱን እንደሚያበላሹ ያስጠነቅቃል። ለምን 364? 52 ጊዜ 7 ስለሆነ ነው። በዚህ ዓመት የሚሰበር ሳምንት የለም፤ እያንዳንዱ በዓል ለዘላለም በአንድ ዕለት ይውላል። በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የብራና ቁርጥራጮች በዚህ አቆጣጠር የሚኖር ማኅበር እንደነበረ አሳይተዋል። ለኩፋሌ ሰንበት በምድር ሳትጠበቅ በሰማይ መላእክት የጠበቋት ናት፤ ዓመቱ ለሰንበት ይሰፋል እንጂ ሰንበት ለዓመቱ አትሰፋም። ፀሐይዋ በየዓመቱ አንድ ቀን ከሩብ ያህል እየዘገየች ወቅቱን ስታፋልስባቸው ምን እንዳደረጉ ግን መጽሐፉ አይናገርም። ሰማይ ስሌት አልቀበል ሲል የሚያናድደው ሰው ድርሰት ነው ብዬ አንብቤዋለሁ።

የኩፋሌ ወንድም የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ለጨረቃ የበለጠ ደግ ነው። ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ብርሃናትን ሲያስረዳ የጨረቃን ብርሃን በ14 ክፍል ከፍሎ እንዴት እየጨመረች እንደምትሞላ፣ እንዴት እየቀነሰች እንደምታልቅ ቀን በቀን ይቆጥራል። እሱም ዓመቱን 364 ነው ይላል። ከሰንበት ጋር ግን አያጋጫትም፤ ጨረቃ የራሷ በር አላት፣ በዚያ ትገባለች፣ በዚያ ትወጣለች።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሰንበት ምክንያት ያየችው መከራ ብዙ ነው፤ የጠቡ መነሻ ግን ጨረቃ አልነበረም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው የተሰደዱት ለቀዳሚት ሰንበት ነው። በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ቀዳሚትም እሑድም ይከበሩ ብሎ ሲፈጽመው፣ ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ ሰንበት በመባቻ ትቆጠር ያለ የለም። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥሩ፣ መባቻን በዓል ያደርጉ፣ በየወሩ 10ኛውን፣ 12ኛውንና 15ኛውን ቀን ያስቡ ነበር። ትእዛዘ ሰንበት በተባለው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ንግሥት የምታማልድ ሴት ናት፤ ሰባተኛዋን ሰንበት ደግሞ የሰንበት ሰንበት ብለው ከሌሎቹ አብልጠው ያከብሯታል። ጨረቃ በአንድ እጅ፣ ሰባት በሌላው እጅ፤ ሁለቱን አልቀላቀሏቸውም። ዛሬ እስራኤል ውስጥ በኅሽዋን 29፣ ከማስተስረያው ቀን በሃምሳኛው ቀን የሚከበረው ስግድም ቀኑን የሚያገኘው ከጨረቃ ወር ነው፤ ዕለቱ ግን ሰኞም ሐሙስም ሊሆን ይችላል።

ጨረቃና ሰንበት በእኛ ዘንድ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ ባሕረ ሐሳብ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ክርክር ንጹሕ መልስ እዚያ ተቀምጧል። ፋሲካ ሁለት ጌታ አላት። የኒሳን 14 ጨረቃ አለፈች አላለፈችም የሚለው አንዱ ነው፤ እሑድ መሆኗ ሁለተኛው ነው። ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ቀመር ለሁለቱም ድርሻቸውን ያካፍላል። አበቅቴና መጥቅዕ የጨረቃ ናቸው፤ በየ19 ዓመቱ ዞረው ይገጥማሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩም 30 ይሆናሉ። ተውሳክ የሳምንቱ ነው፤ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2። መጥቅዕና ተውሳክ ሲደመሩ መባጃ ሐመር ይባላል። ጨረቃ ያለችበትን ቦታ ትናገራለች፣ ሳምንት የጎደለውን ይጨምራል።

በ2018 ዓ.ም. እንሞክረው። 5,500ን ስንደምርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተን ወንበር የሚባለው ቀሪ 12 ነው። አሥራ ሁለትን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው አበቅቴ 12፤ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው መጥቅዕ 18። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 ሲደመር 7፣ መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነውና 25 እና 9፣ 34፤ ሠላሳውን ብንገድፍ 4። ሚያዝያ 4።

የቤተ ክርስቲያን ደቀ መዝሙር ይህን በጣቱ አንጓ ይሠራዋል፤ እኔ ወረቀት አስፈልጎኛል። ስሌቱ ከሰማይ ጋር መቶ በመቶ ይገጥማል የሚል ካለ ግን አይገጥምም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከጨረቃዋ እውነተኛ ጉዞ ጋር ባለው ትንሽ ልዩነት ባሳለፍናቸው ብዙ መቶ ዓመታት አራት ቀን ያህል ተከማችቷል። በ2018 የባሕረ ሐሳቡ የፋሲካ ጨረቃ በመጋቢት 28 ላይ ስትሆን፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃ የሞላችው በመጋቢት 24 ነው። ፋሲካ ግን ሚያዝያ 4 ነው፤ ዕለቱም እሑድ።